ሰላጣውን ያቃጠለው ውሃ

ስሙን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። ዕድሜውን በከተማ አውቶቡስ ላይ ትኬት ሲቆርጥ የኖረ ሰው ነው። በሩ ላይ ቆሞ «ጠጋ ጠጋ በሉ! ኋላ ባዶ ነው፣ ጠጋ በሉ!» እያለ ሲጮህ የሰማው ሰፈር «ጠጋ በሉ» ብሎ ስም አወጣለት። እሱ ጡረታ ወጣ፤ ስሙ ግን አልወጣም። ወጣቶቹ ጋሽ ጠጋ ይሉታል። ባለቤቱ ስትናደድበት ደግሞ «አንተ ጠጋ በሉ፣ እስቲ ከወጥ ቤቴ ፈቀቅ በል!» ትለዋለች።

ጡረታ አልተስማማውም። ጠዋት ተነስቶ ግቢውን ይጠርጋል፤ የጠረገውን ደግሞ ይጠርጋል። ያልተበላሸ የበር ማጠፊያ ፈትቶ ይገጥማል፤ ከገጠመው በኋላ ይበላሻል። እንዲህ ቤቱን ሲያምስ ከርሞ፣ አንድ ቀን የድሮ የሥራ ባልደረባውን ሊጠይቅ ሄደ። አብሮት ይሠራ የነበረው ሹፌር ነው። በሹፌሩ በረንዳ ላይ ያየው ነገር ቀልቡን ወሰደው። ነጭ የፕላስቲክ ቱቦዎች ግድግዳው ላይ ተደርድረዋል፤ ቱቦዎቹ በየተወሰነ ቦታ ተበስተዋል፤ በየቀዳዳው ለምለም ሰላጣ በቅሏል። አፈር የሚባል ነገር የለም። ከታች ካለ ባልዲ አንዲት ትንሽ ፓምፕ ውሃ ወደ ላይ ትገፋለች፤ ውሃው ሥሮቹን እያራሰ አልፎ ተመልሶ ባልዲው ውስጥ ይወርዳል።

«እና ምን በልቶ ነው የሚያድገው?» አለ ጠጋ በሉ።

«ምግቡ ውሃው ውስጥ ይገባለታል። በጠርሙስ ነው የሚሸጠው፣ ትበጠብጥለታለህ።»

ጠጋ በሉ በዚያው ሰሞን ቱቦ ገዛ፣ መብሻ ተዋሰ፣ የራሱን በረንዳ የፋብሪካ ጓሮ አስመሰለው። ውሃ በኩል ሐሳብ አልነበረበትም። ቤቱን ሲገዛ ግቢው ውስጥ ጉድጓድ አብሮ ነበር። የከተማው ቧንቧ ሲያሻው እየመጣ ሲያሻው በሚጠፋበት ሰፈር፣ የእሱ ጉድጓድ አንድም ቀን ደርቆ አያውቅም። ውሃው ኩልል ያለ፣ ቀዝቃዛ፣ ሽታም ቀለምም የሌለው ነው። አጥሩ ላይ ቧንቧ አውጥቶ ጎረቤቱ ሁሉ እንዲቀዳ ፈቅዶ ነበር። ሰው «ተባረክ» ሲለው ደስ ይለዋል፤ ደስ ማለቱን ለመደበቅም ብዙ አይለፋም።

በዚያን ጊዜ ቤቱ ውስጥ ሌላ ትልቅ ጉዳይ ነበር። ልጁ ልትወልድ እናቷ ቤት መጥታ ነበር። አስተማሪ ናት፤ ባሏ መንገድ ሥራ ላይ ሩቅ አገር ነው። ወለደች፤ ግን ከወሊዱ በኋላ ታመመች። የታዘዘላት መድኃኒት ከባድ ስለነበር ጡት እንዳታጠባ ተነገራት። ስለዚህ ሚጢ ብለው የሚጠሯት ሕፃን በቆርቆሮ ወተት ማደግ ጀመረች፤ ጡጦው ደግሞ በአያቷ እጅ ገባ።

የጠጋ በሉ ባለቤት ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ስትሰፋ የኖረች፣ በንፅሕና ቀልድ የማታውቅ ሴት ናት። ውሃ ካልተንተከተከ ውሃ አይደለም ባይ ናት። ለሚጢ የሚሆነውን ውሃ በትልቅ ድስት ጥዳ ረጅም ጊዜ ታፈላዋለች፤ አቀዝቅዛ በፔርሙዝ ታስቀምጣለች፤ ጡጦ ልታዘጋጅ ስትል እንደገና ትጥደዋለች። ልጇ «እማዬ፣ አንዴ ከፈላ እኮ ይበቃል» ስትላት «አንቺን በምን ያሳደግኩሽ መሰለሽ?» ብላ ታባርራታለች።

ሚጢ ግን ቀለሟ አላምር አለ። መጀመሪያ የመስኮቱ ጥላ መስሏቸው ነበር። ከዚያ ከንፈሯ ዙሪያው ጠቆር ማለቱ፣ ጥፍሮቿ እንደበረደው ሰው ጣት መደብዘዛቸው ግልጽ ሆነ። ጡጦዋን ጀምራ መሀል ላይ ይደክማታል። ማልቀስ እንኳ ትጀምርና ትተወዋለች። ክሊኒክ ወሰዷት። የክሊኒኩ ሐኪም አዳመጣት፣ ደረቷን ነካካ፣ ፊቱ ተለወጠ። «ልቧ ሊሆን ይችላል» አለና ለትልቁ ሆስፒታል ጻፈላቸው፤ የልብ ሐኪሙ ቀጠሮ ግን ገና ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቱ ጭር አለ። የሚጢ እናት ምግብ እምቢ አላት። አያቲቱ ንፅሕናውን አበረታች፤ ድስቱም ከምድጃው ላይ አልወርድ አለ።

ጠጋ በሉ መግቢያው ሲጠፋው ሰላጣው ውስጥ ገባ። እሱም አልሆነለትም። ችግኙ ሲተከል ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ይለመልማል፤ ትንሽ ቆይቶ የቅጠሉ ጠርዝ ካውያ እንደነካው ልብስ ቡናማ ሆኖ ይቃጠላል። ምግቡ ነው ብሎ አሰበ። የሰላጣ ሥዕል ያለበትን ጠርሙስ ትቶ ቀይ ቲማቲም የተሣለበትን ገዛ፤ ባሰ። እሱን ትቶ በዱቄት መልክ የሚሸጠውን ሞከረ፤ ተቃጠለ። መጠኑን በግማሽ ቀነሰ፤ አሁንም ተቃጠለ።

«ቅጠሉንም እኔ ነኝ የማፈላልህ?» አለችው ባለቤቱ አንድ ቀን። በዚያ ሰሞን ቤቱ ውስጥ የተቀለደ ቀልድ እሱ ብቻ ነበር።

ሹፌሩ ነገሩን ሲሰማ የዚህ ዓይነት ተክል ዕቃ ብቻ የሚሸጥበት ሱቅ አመለከተው። ጠባብ ሱቅ ናት፤ እስከ ጣሪያ ድረስ ጠርሙስ በጠርሙስ ናት። ሻጯ ግብርና የተማረች ወጣት ሴት ነበረች።

«ምን ተክለው ነው አባባ?» አለችው።

«ሰላጣ።»

«ሰላጣ ብቻ?»

«ሰላጣ ብቻ። ግን እያቃጠለብኝ ነው። ጥሩውን ምረጪልኝ፤ የማያቃጥለውን።»

«ቅጠሉ የሚበላና ፍሬ የሚሰጥ ተክል ምግባቸው ይለያያል፤ እሱ ቀላል ነው። ከዚያ በፊት ግን ውሃዎ ምን ዓይነት ነው?»

«ውሃ ነዋ!»

ሳቀች። «የቧንቧ ነው የጉድጓድ?»

«የጉድጓድ። እንዴት ያለ ውሃ መሰለሽ!»

«እንግዲያው ይዘውልኝ ይምጡ። ውሃው ውስጥ ምን እንዳለ ሳላውቅ ምግብ ብመርጥልዎ፣ በልቶ የጠገበውን ሰው ብላ ብላ ማለት ነው የሚሆነው።»

ጠጋ በሉ ነገሩ የሻጭ ማካበድ መሰለው። ቢሆንም በማግስቱ ጠዋት ንፁህ ጠርሙስ አጥቦ፣ አጥሩ ላይ ካለው የጉድጓዱ ቧንቧ ቀድቶ፣ ክዳኑን አጥብቆ ይዞላት ሄደ። ሻጯ በኩባያ ቀነሰችና እስክሪብቶ የምታህል የጨው መለኪያ ነከረችበት። በመለኪያዋ መስኮት ላይ ያለው ቁጥር ወጣ፣ ወጣ፣ አሁንም ወጣ። ግንባሯን ቋጠረች። መለኪያዋን ጠርጋ እንደገና ነከረች።

«አባባ፣ ተሳስተው ከባልዲው ቀድተው ነው የመጡት?»

«ከየቱ ባልዲ?»

«ማዳበሪያው ከተበጠበጠበት።»

«ኧረ በፍጹም! ከጉድጓዱ ቧንቧ ነው። አሁን ቀድቼው መምጣቴ ነው።»

ከመሳቢያ አንዲት ቀጭን የመመርመሪያ ወረቀት አወጣች። ጫፏን ውሃው ውስጥ ነክራ አወጣችና ሁለቱም ጠበቁ። ነጭ የነበረው ጫፍ ሮዝ ሆነ። ሮዙ ደመቀ። ከዚያ እያዩት ወይን ጠጅ መሰለ። ሻጯ ወረቀቷን በእሽጉ ላይ ከታተሙት ቀለሞች ጋር አስተያየችው። የመጨረሻው፣ ደማቁ ቀለም እንኳ ከዚህኛው ፈዘዝ ያለ ነበር።

«ሰላጣዎ ለምን እንደሚቃጠል ገባኝ» አለች ቀስ ብላ። «ውሃው ራሱ ማዳበሪያ ነው። ናይትሬት የሚባለው ሞልቶበታል። እርስዎ ደግሞ በላዩ ላይ ይጨምሩበታል።»

ጠጋ በሉ ፊቱ በራ። «እና እኔ ግቢ ውስጥ ነጻ ማዳበሪያ ይፈልቃል በያ!» አለና ሳቀ።

ሻጯ አልሳቀችም።

«ይሄን ውሃ ሰው ይጠጣዋል?»

«ሰፈሩ በሙሉ!»

«ሕፃን አለ? በጡጦ የሚመገብ?»

ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። «የልጅ ልጄ አለች። ምነው?»

«ደህና ናት?»

«አሟታል። ልቧ ነው ብለዋል።»

«ቀለሟስ? ከንፈሯ?»

ጠጋ በሉ ክው አለ። ይህችን ልጅ ከትናንት በፊት አይቷት አያውቅም። ስለ ሚጢ ለማንም የውጭ ሰው ትንፍሽ አላሉም። ማን ነገራት? «ከንፈሯ… ይጠቁራል» አለ፤ ድምፁ የራሱ አልመስል አለው።

ሻጯ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ወዲያው መልሳ አነሳችው። «አባባ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን ተማሪ ሳለን ናይትሬት በበዛበት ውሃ ወተት የተበጠበጠለት ሕፃን ደሙ አየር መሸከም ያቅተዋል ተብለን ተምረናል። ይሁን አይሁን አላውቅም። ብቻ ነገ እንዳይሉ። አሁኑኑ ሐኪም ቤት ይውሰዷት። ውሃውንም፣ ወረቀቷንም ይያዙ። ከዚያ ውሃ አንድ ጠብታ እንዳትቀምስ!»

እንዴት ቤቱ እንደደረሰ አያስታውስም። ኮፍያውን ሱቁ ውስጥ ጥሎ ነው የወጣው። በሩን በርግዶ ሲገባ ባለቤቱ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ሚጢን ክንዷ ላይ አጋድማ፣ ጡጦውን ወደ አፏ እያስጠጋች ነበር።

«አትስጫት!» ብሎ ጮኸ። ተወርውሮ ጡጦውን ከእጇ መነጨቀው፤ ወተቱ ወለሉ ላይ ተረጨ።

በዚያ ሁሉ የትዳር ዘመን በባለቤቱ ላይ እጁን አንስቶ አያውቅም። ዐይኗ ፈጠጠ፤ ሕፃኗን ወደ ደረቷ ጭምቅ አደረገቻት። ልጃቸው ከመኝታ ቤት በባዶ እግሯ ሮጣ ወጣች።

«አባዬ! ምን ሆነሃል? አበድክ?»

ሊያስረዳ ፈለገ፤ ምላሱ ተሳሰረ። «ውሃው» አለ። «ውሃው ነው። ውሃው!» ከዚያ በላይ አልወጣለትም። ጠርሙሱንና ያቺን ወይን ጠጅ የመሰለች ወረቀት ከፍ አድርጎ ያሳያቸዋል።

ታክሲ ውስጥ ነው ነገሩን ቆራርጦ የነገራቸው። የሚጢ እናት የልጇን ጥፍር እያየች ብቻ ሄደች። ባለቤቱ ግን አላመነችም። «የሰላጣ ሻጭ ናት የልጅ ሐኪም የሆነችው? እኔ እኮ አፍልቼ ነው የምሰጣት!» እያለች መንገዱን ጨረሰችው።

የሆስፒታሉ ዶክተር ወረቀቷን አየ፣ ሚጢን አየ፣ ሌላ ጥያቄ ሳይጨምር ደም እንዲቀዳ አዘዘ። ነርሷ ከትንሿ ክንድ የቀዳችውን ደም በነጭ ጨርቅ ላይ ጠብ አደረገችው። ጠጋ በሉ ያንን ጠብታ እስከ ዛሬ ሲያወራ ድምፁ ይሰበራል። ቀይ አልነበረም። እንደ ቸኮላት ቡናማ ነበር። ዶክተሩ አየር ሲያገኝ ይቀላ እንደሆነ ለማየት ጨርቁን አወዛወዘ፤ ደሙ አሁንም ቡናማ ነው። የሰው ደም፣ ያውም የልጅ ልጁ ደም፣ ቡናማ። ግድግዳውን ይዞ ቆመ።

«ልቧ አይደለም» አለ ዶክተሩ። «ውሃው ነው። እኛ ትልልቆቹ እንችለዋለን፤ የእሷ ደም ግን ገና ነው። መድኃኒት አለው፤ አሁኑኑ እንሰጣታለን።»

«ዶክተር፣ እኔ እኮ አፈላዋለሁ» አለች ባለቤቱ፤ አሁንም ክርክሯን አልለቀቀችም። «በደንብ፣ ደጋግሜ ነው የማፈላው። ምን ይቀርበታል?»

ዶክተሩ ወደ እሷ ዞረ። «እናቴ፣ ማፍላት ጀርም ይገድላል። ይሄ ግን እንደ ጨው ነው። ውሃው ሲተን እሱ እዚያው ይቀራል። በጣም በፈላ ቁጥር ይበልጥ እየጠነከረ ይሄዳል።»

በድን ሆነች። ከዚያ ኮሪደሩ ወለል ላይ ቁጭ አለች። አላለቀሰችም። እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ መዳፎቿን ብቻ ታያቸዋለች።

መድኃኒቱ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ድንጋጤ ሆነ። በመርፌው ውስጥ ያለው ፈሳሽ እንደ ብዕር ቀለም ሰማያዊ ነበር። «ጠቁራ የመጣችን ልጅ ይሄን ነው የምትወጓት?» ብላ ጮኸች የሚጢ እናት። ዶክተሩ «እመኚኝ» አለና ቀስ አድርጎ በደም ሥሯ ሰጣት። ሦስቱም አልጋውን ከበው ቆሙ። ብዙም አልቆየ። ከንፈሯ ከመሀል ጀምሮ ወደ ዳር እየፈካ መጣ። ጥፍሮቿ ሮዝ ሆኑ። ሚጢ ዐይኗን ገለጠች፤ ፊቷን ኮሳተረችና ክፍሉን በጩኸት ደበላለቀችው። እንዲህ ያለ ጩኸት ከተወለደች ወዲህ ከእሷ ሰምተው አያውቁም።

«አባዬ» አለች ልጅቷ የጠጋ በሉን ክንድ ጨብጣ፣ «ልጄ ቀለሟ ይሄ ነበር እንዴ?»

ሚጢ ድና ቤት እስክትመለስ የውሃ መሥሪያ ቤት ሰዎች መጥተው ጉድጓዱን መረመሩ። ግቢው ጥግ ላይ አንድ የሲሚንቶ መደብ አለ፤ ከጉድጓዱ ብዙም የራቀ አይደለም። ጠጋ በሉ ከሰዓት በኋላ ጥላ ሲያጠላ የሚቀመጥበት፣ እንግዳም የሚያስቀምጥበት መደብ ነው። ሠራተኞቹ ጠርዙን ሰበሩት። ከሥሩ ትንፋሽ የሚያሳጣ ሽታ ወጣ። ድሮ የእሱና የጎረቤቱ ግቢ አንድ በነበረበት ጊዜ የተቆፈረ የፍሳሽ ጉድጓድ ነበር። የቀድሞ ባለቤቶች ከድነውት ሄደዋል፤ የጎረቤት ኪራይ ቤቶች መፀዳጃ ቱቦ ግን በአጥሩ ሥር አልፎ እስከዚያች ቀን ድረስ እዚያው ይፈስ ነበር። ጎረቤትዬውም እንደ እሱ ምንም አያውቅም፤ አይቶ ራሱን ያዘ። ጠጋ በሉ ስንት ዓመት በላዩ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ እንዳነበበ በጣቱ ቆጠረ።

አጥሩ ላይ ያለውን ቧንቧ በገዛ እጁ ዘጋ። ከዚያ በየቤቱ እየዞረ ነገረ። ይሄኛው ከሁሉም ከበደው። ሲመርቁት የኖሩ ሰዎች ፊት ቆሞ «ያጠጣኋችሁ ውሃ እንዲህ ሆኖ ተገኘ» ይላል። አንዳንዱ ይደነግጣል፣ አንዳንዱ ወደ ውስጥ ሮጦ እንስራውን ይደፋል። አንዲት ነፍሰ ጡር ጎረቤት ግን ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ በሩ ላይ ቀጥ ብላ ቀረች። እሷን ራሱ ይዟት ሆስፒታል ሄደ፤ ደህና ነሽ እስክትባል ድረስ ውጭ ቆሞ ጠበቀ።

ወደ ሱቋ የተመለሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሻጯ በሩ ላይ ስታየው የያዘችው ጠርሙስ ሊያመልጣት ነበር። ሄዶ ስለቀረ ክፉውን ሁሉ አስባ ነበር። ልትጠይቀው ፈልጋ መጠየቁን ፈራች።

«አለች?» አለች በመጨረሻ፣ በሹክሹክታ።

«አለች! ቤቱን በጩኸት አፍርሳዋለች!»

ሻጯ ከባንኮኒው ኋላ ወጥታ አቀፈችው፤ ከዚያ ሁለቱም አፈሩና ኮፍያውን ፍለጋ ገቡ።

በኋላ ምግቡን መረጡ። አሁን ውሃው ከከተማው ቧንቧ በታንከር የሚጠራቀም ነው፤ ይዞት መጥቷል፤ መለኪያዋም ትንሽ ቁጥር ብቻ አሳየች። ለቅጠል የሚሆነውን፣ በሁለት ጠርሙስ የሚመጣውን ሰጠችው። «አንዱን ከአንዱ በቀጥታ እንዳይቀላቅሉ። መጀመሪያ አንዱን ባልዲው ውስጥ ከብዙ ውሃ ጋር ያማስሉ፣ ከዚያ ሌላውን» አለችና ለማሳየት ሁለቱን ከነውፍረታቸው ጠብ ጠብ አድርጋ በአንድ ብርጭቆ ቀላቀለች። ጥርት ያለው ፈሳሽ በአንድ ጊዜ እንደ ረጋ ወተት ነጣ። ጠጋ በሉ ወደ ኋላው ዘለለ። በዚያ ሰሞን ማንኛውም ቀለም የሚለውጥ ነገር ያስደነግጠው ነበር።

ባለቤቱ ግን ከሆስፒታሉ ወለል የተነሳች አትመስልም። ቤቱን ታጸዳለች፣ ታበስላለች፣ ሚጢን ግን አትነካም። ጡጦ ያለበት ጠረጴዛ ጋ ስትደርስ ዞራ ታልፋለች። ሚጢ ስታለቅስ «ልጅሽ» ትላለች፣ ከሩቅ። ጠጋ በሉ ሊያጽናናት ሞክሮ ነገር ስላበላሸ ተወው።

የሚጢ እናት ተሽሏት ወደ ማስተማሯ ልትመለስ ስትል እናቷን ወጥ ቤት ውስጥ ያዘቻት።

«እማዬ፣ ሰኞ ሥራ እገባለሁ። ሚጢን ማን ይይዝልኛል?»

«ሞግዚት ፈልጊ።»

«ለምን?»

«እኔ… እኔ እንደሆነ ይኸው አይተሽዋል።» እጆቿን በሽርጧ ሸፈነቻቸው።

«ዶክተሩን በመጨረሻው ቀጠሮ ምን ብዬ እንደጠየቅኩት ልንገርሽ? ውሃው ባይፈላስ ኖሮ አልኩት። ውሃው ውስጥ የሽንት ቤት ፍሳሽ ነው የገባው፣ ሳይፈላ ጠጥታው ቢሆን ተቅማጡ በመጀመሪያው ሳምንት ይጨርሳት ነበር አለኝ። ያንን ሁሉ ጊዜ በሕይወት ያቆያት እናትሽ ናት አለኝ፣ እማዬ።»

ባለቤቱ ማማሰያውን እንደያዘች ቀረች። «እንደሱ አለ?»

«እንደሱ ነው ያለው።»

«አንቺ አልሽ እንጂ እሱ አላለም።»

«አባዬ፣ አላለም እንዴ?»

በሩ ላይ የቆመው ጠጋ በሉ «እኔም ሰምቻለሁ» አለ። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ከሆስፒታሉ ኮሪደር ጀምሮ ያጠራቀመችውን፣ ወጡ እስኪያርር ድረስ አለቀሰች።

ሰኞ ጠዋት ልጅቷ ደብተሮቿን ይዛ ወጣች። ሚጢ አያቷ ክንድ ላይ ነበረች። ጠጋ በሉ ምን እንደምታደርግ ለማየት በመስኮት ሲያጮልቅ፣ ባለቤቱ ጡጦውን በጥርሷ ይዛ፣ በአንድ እጇ የወተቱን ቆርቆሮ ለመክፈት ትታገል ነበር።

«ምን ትገተራለህ?» አለችው ጡጦውን ከጥርሷ ሳታወጣ። «ግባና ክፈትልኝ!»